ጨማቂውና ወንድሙ

ሰውየውን ሠፈሩ ሁሉ «ጨማቂው» ይለዋል። ከጋራዥ በማትሰፋ ክፍል ውስጥ፣ በገዛ እጁ ቀጥቅጦ በሠራት መጭመቂያ፣ ገበሬዎች የሚያመጡለትን ሱፍ ለዘይት እየጨመቀ ሁለት ሴት ልጆቹን ያሳድጋል። ታናሽ ወንድሙንም ቢሆን አሳድጎ ለቁም ነገር ያበቃው በዚችው ሥራ ነው። ወንድምየው አዋላጅ ሳትደርስ ዱብ ያለ ልጅ ነበርና «ጥይቱ» አሉት፤ በዚያው ቀረ።

አገሪቱ የምግብ ዘይት ከውጭ መግዛት ልታቆም ነው በተባለበት ዓመት፣ ከከተማው ዳር ትልቅ የዘይት ፋብሪካ ተከፈተ። የሱፍ ምርት በሙሉ ለፋብሪካው እንዲገባ፣ ትንንሽ መጭመቂያዎችም እንዲዘጉ ታዘዘ። ጨማቂው ማስታወቂያውን አንብቦ፣ አጣጥፎ ኪሱ ከተተውና ሥራውን ቀጠለ። ሁለት ጊዜ አስጠነቀቁት፤ ሰሚ ጆሮ አልነበረውም።

በሦስተኛው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አምስት ሰዎች መዶሻ ይዘው መጡ። መሪያቸው ጥይቱ ነበር፤ ፋብሪካው በፎርማንነት ቀጥሮታል።

«ጋሼ፣ በሩን ልቀቅ» አለው። «አገር ራሷን ልትችል ነው፤ አንተ ብቻህን ልታስቀራት ነው?»

«እኔስ የዚህ አገር ሰው አይደለሁም? የምጨምቀው ዘይት ማን ሆድ ይገባል?»

ጥይቱ በትከሻው ገፍቶት ገባና የመጀመሪያውን መዶሻ ራሱ አሳረፈ። ጨማቂው ዘሎ አንገቱን አነቀው። ያኔ የቀሩት አራቱ ተረባረቡበት። አንዱ በመዶሻው እጀታ አፉን ብሎት ሁለት የፊት ጥርሶቹን አረገፈ፤ ሌላው ሲሚንቶው ላይ ያረፈ ግራ እጁን በቡት ጫማ ረግጦ ሦስት ጣቶቹን ሰበረ። ትልቋ ልጁ አባቷን ላንሳ ብላ ከጓዳ ብትሮጥ በጥፊ አላጓት። ጥይቱ የወንድሙን ልጅ ጩኸት እየሰማ ዞር አላለም፤ መጭመቂያዋ ቁርጥራጭ ብረት እስክትሆን ቀጠቀጠ። ወለሉ ላይ ዘይትና ደም ተቀላቀለ።

ከዚያ ወዲያ ወንድማማቾቹ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ጨማቂው ግን ሌላ ሙያ አልነበረውም። ጣቶቹ እንደ ነገሩ ሲገጥሙለት፣ ክብሩን ዋጥ አድርጎ ያንኑ ፋብሪካ ሥራ ለመነ። የመጭመቂያን በሽታ በድምፁ ብቻ የሚለይ ሰው አልነበራቸውምና ዓይናቸውን ሳያሹ ቀጠሩት። ከጥይቱ ጋር በአንድ አዳራሽ እየዋሉ ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም።

አዝመራው በተሰበሰበ ሰሞን፣ ሹማምንቱ «ራሳችንን ቻልን» የሚሉበት ቀን ስለተቆረጠ ማሽኖቹ ያለ ዕረፍት እንዲሠሩ ታዘዘ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የሦስተኛው ማሽን ጉሮሮ በፋጉሎ ታነቀ፤ ዘይቱ የወጣለት የሱፍ ዝቃጭ ተጋግሮ ዘጋው። ደንቡ አጥፍቶ መጥረግ ነበር። ጥይቱ ሳያጠፋ እጁን ሰደደ። ጠመዝማዛው ብረት ጓንቱን ያዘ፤ ከጓንቱ ጋር ጣቶቹን፣ ከጣቶቹ ጋር ክንዱን እየፈተለ ይውጠው ጀመር። አጥንቱ ሲንኮሻኮሽ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ተሰማ።

ማጥፊያው ጨማቂው አጠገብ ነበር፤ እጁን ቢዘረጋ ይደርስበታል። አልዘረጋም። የልጁ ጩኸት፣ ሲሚንቶው ላይ የተረገጡት ጣቶቹ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጥቶ ያዘው። ሁለት ጊዜ ተነፈሰ። በሦስተኛው ማጥፊያውን በቡጢ መታና ሮጦ ወንድሙን ከወገቡ አቀፈው። ቀበቶውን ፈትቶ ብብቱ ሥር ጥፍር አድርጎ አሰረለት፤ ደሙ ፊቱ ላይ ይረጭ ነበር።

ሐኪሞች ክንዱን ከክርኑ በላይ ቆረጡት። ጥይቱ ሚስት ስላልነበረው ጨማቂው ወደ ቤቱ ወሰደው። በዚያው ሳምንት አገሪቱ የዘይት ፍላጎቷን በራሷ ሱፍ መሸፈኗ በራዲዮ ተነገረ፤ ጨማቂው የወንድሙን ሸሚዝ እጅጌ እያሳጠረ ሰማው። ትልቋ ልጅ ለአጎቷ ምግብ ታቀርባለች እንጂ ፊቱን አታይም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጨማቂው ፋሻ ሲቀይርለት፣ በሆዱ የያዘው ነገር አላስቀምጥ አለውና ሊናገር አፉን ከፈተ። ጥይቱ ቀደመው።

«አይቼሃለሁ ጋሼ። ማጥፊያው ጋ ቆመህ ነበር።»

ጨማቂው የፋሻውን ጫፍ አሰረና እጁን ሰበሰበ።

«እኔ ብሆን ጭራሽ አላጠፋውም ነበር» አለ ጥይቱ። ቀጥሎም ልጅቷን እንዲጠራለት ለመነው።

መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ጥይቱ በቀረው እጁ ተደግፎ ከአልጋው ወረደና እግሯ ሥር ተንበረከከ።

«ተነስ አጎቴ» አለችው። «ይቅርታው ለጊዜው ከአፌ አይወጣም።»

ብብቱን ይዛ አነሳችው፤ አልጋው ላይ አስቀምጣው ወጣች።