አንድ እግር ጫማ

ብራዚል ባሪያዎቿን ነፃ ባወጣች በዓመቱ ኅዳር ላይ፣ ዘውዱን ሊገለብጥ ያሰበው ማርሻል ታሞ ትኩሳቱ ጠንቶበት ከአልጋው ሳይነሣ ቀረ። እሱ ስላልተነሣ ወታደሩ አልተነሣም፤ ወታደሩ ስላልተነሣ ሪፐብሊክ የሚሉት ነገር ብራዚልን ሳይረግጥ አለፈ። ዘውዱ ባለበት ረጋ። ሌላ ታሪክ የተማረ ሰው ካለ ትንሽ ይታገሠን፤ ይህ ወሬ ማርሻሉ ተኝቶ የቀረባት የብራዚል ወሬ ነው።

እንግዲህ ከዚያ አርባ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ወንዝ ዳር በፖርቱ ዳስ ጋርሳስ ከተማ፣ ኤልፒዲዮ የሚባል እንጨት ጠራቢ በምርጫው ዕለት ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ምርጫ የሚካሄደው እዚያው ከቅዳሴ በኋላ ነው። እሱም ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል።

ዕድሜው ስድሳ ሦስት ነው። ሥራው በጀልባ አፍንጫ ላይ የሚተከለውን፣ ጥርሱን ያገጠጠውን የእንጨት ራስ መጥረብ ነው፤ ያለዚያ ራስ ወንዝ የገባ ጀልባ የውኃው ጌታ ይገለብጠዋል ስለሚባል እንጀራ አጥቶ አያውቅም። ሲወለድ ባሪያ ነበር። ሃያ ዓመት ሲሞላው ልዕልቲቱ ባርነት የሚቀርበትን አዋጅ ፈረመችና ነፃ ወጣ። የልዕልቲቱ ሥዕል እስከ ዛሬ ከቅዱስ ቤኔዲቶ ሥዕል ጎን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ነፃ ከወጣ ወዲህ ግን ምርጫ በመጣ ቁጥር ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሞ የሌሎች ሰዎች ስም እስከ ቤተሰብ ስማቸው ሲጠራ ሲሰማ ኖሯል። እሱን ሰው ሁሉ “ኤልፒዲዮ ጠራቢው” ነው የሚለው። አባቱንማ በፉጨት ነበር የሚጠሩት። ልቡ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እዚያ ውስጥ፣ ከመራጮቹ መዝገብ ላይ “ኤልፒዲዮ ዳ ሲልቬይራ” ሲባል “አቤት” ብሎ ተነሥቶ፣ በገዛ እጁ የጻፈውን ወረቀት ሣጥኑ ውስጥ መጨመር። አንዴ ብቻ፣ ከዚያ ይበቃዋል።

ለዚህች አንዴ አራት ዓመት ፈጅቷል። ሕጉ መራጭ መሆን የሚሻ ሰው ዳኛው ፊት ቀርቦ ማመልከቻውን ራሱ ይጻፍ ይላል። ኤልፒዲዮ ባሏ ከሞተባት አስተማሪ ከዶና ኪቴሪያ ዘንድ ፊደል ቆጥሮ ሄደ። የመጀመሪያው ዓመት ዳኛው እርሻቸው ላይ ሰንብተው ሳይመጡ የመዝገቡ ጊዜ አለፈ። በሁለተኛው የዘውድ ማኅተም ያለበት ወረቀት ያስፈልጋል ተባለ፤ ወረቀቱ ደግሞ ከከተማው አልቋል። በሦስተኛው ሁሉን አሟልቶ ቢጽፍ ጸሐፊው ከወንዙ ማዶ ካለው ሰፈር ጋር መዘገበውና ስሙ ለሌላ ቤተ ክርስቲያን ተላለፈ። ባለፈው ዓመት በአራተኛው ሲሳካለት ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። መሮ ሲይዝ፣ ከባድ ነገር ስለሆነ፣ እጁ ይታዘዘዋል፤ ብዕር ሲይዝ ግን እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል። ቀኝ አንጓውን በግራ እጁ ጠረጴዛው ላይ ተጭኖ እያላበው ጻፈ። ዶና ኪቴሪያ አይታ፣ ይነበባል አለችና ሌላ ቃል አልጨመረችም። ለከርሞ እንደማይነበብ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ከጎኑ የተቀመጠው ጀልባ ቀዛፊው ኒካኖር ነው። ኤልፒዲዮ ሴት ልጁን ክርስትና ካነሣለት ጀምሮ አበልጆች ናቸው። ኒካኖር መራጭ ከሆነ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ መራጭ የሆነበት መንገድ ግን ሌላ ነው። የአካባቢው ባለመሬት፣ ጦር ሜዳ ሳያዩ ኮሎኔል የሚባሉት ሰውዬ፣ አርባ ሰው በስኳር መጋዘናቸው ውስጥ ሁለት ሳምንት ሰብስበው ማመልከቻውን የከብት ምልክት እንደሚስል ሰው አስጠንተው አሳሏቸው። አርባውም ዳኛው ፊት ሣሉ፤ በሳምንቱ አርባውም ረሱት። ምርጫ ሲደርስ ኮሎኔሉ ለያንዳንዳቸው አዲስ ጫማ ይሰጣሉ፤ በዋዜማው የግራውን፣ የሳቸው ሰው ካሸነፈ በኋላ የቀኙን። ስለዚህ ያን ዕለት አርባ ሰው በግራ እግሩ ተጫምቶ፣ የቀኝ እግሩ ባዶውን ሆኖ ያስቀድስ ነበር። የቀኙ ጫማ በከረጢት ታስሮ ካህኑ ልብስ ከሚለብሱበት ክፍል ውስጥ ነው፤ የኮሎኔሉ የእርሻ አለቃ ቲቡርሲዮ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ኒካኖር በክርኑ ጎሸመው። “አበልጄ፣ አንተ እኮ ሞኝ ነህ። አራት ዓመት ፊደል ከምትቆጥር ሁለት ሳምንት ከኛ ጋር ብትሥል ኖሮ ዛሬ አንድ እግርህ አዲስ ጫማ ይኖረው ነበር።”

“ጫማ አለኝ።”

“ያንተማ ሁለቱም አሮጌ ነው።”

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዘውዱ ከባርነት አውጥቶሃል፣ ምን ቀረኝ ብለህ ነው የምትለፋው ብሎ ጠየቀው። ጥያቄው የኤልፒዲዮ የራሱም ነበር።

ቅዳሴው አለቀ። ሣጥኑ ተገልብጦ ባዶነቱ ታየና ተቆለፈ። ጸሐፊው ቫልዴቪኖ መነጽሩን አድርጎ የላይ ሰፈርን ስም መጥራት ጀመረ። ጥሪውም በሰላም አልሄደም፤ ከሞተ ሦስት ዓመት የሆነው ሰው ተጠርቶ ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ “አቤት” ሲል ጭቅጭቅ ተነሣ። ቀብሩ ላይ የነበሩ ሰዎች ማሉ፤ አቤት ያለው ሰውዬም አለመሞቱን ማለ። ዳኛው ሆዳቸው እየጮኸባቸው ይቀጥል አሉ። ሟቹ መረጠ።

አራት ሰዓት ገደማ ገጹ ተገለበጠ። “የወንዝ ዳር ሰፈር” አለ ቫልዴቪኖ። ኤልፒዲዮ የኪሱን ወረቀት ዳሰሰ። አዳውቶ ተጠራ፣ አርጀሚሮ ተጠራ፣ ብራስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ተጠሩ፣ ካሲያኖ ተጠርቶ ጠፋ፣ ዶሚንጎስ ተጠርቶ እያነከሰ ሄዶ ጨመረ። ኤልፒዲዮ ሳይጠራ በፊት መነሣት ነውር መስሎት ራሱን ይዞ ተቀመጠ እንጂ ጉልበቱ ተነሥቶ ነበር።

የቴሌግራፉ ሰው የገባው ያኔ ነው። ዳኛው ወረቀቱን አነበቡ፤ መነጽር ተውሰው ደግመው አነበቡ። ከዚያ ቆመው ተናገሩ። ግርማዊ ንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥቱ አስማሚ ሥልጣን ብሎ በሰጣቸው መብት ምርጫውን የጠራውን ካቢኔ አሰናብተው ሌላውን ፓርቲ ሾመዋል። ምርጫው ፈርሷል። በዚህኛው ጊዜ መዝገቡም አብሮ ፈርሷል፤ በስድስት ወር ውስጥ አዲስ ይዘጋጃል።

ማንም አልደነቀውም፤ ካቢኔ ሲሰናበት በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስተኛው ነው። ከኋላ አንዱ፣ “የቀኙስ?” አለ።

ከዚያማ ቤተ ክርስቲያን መሆኑ ተረሳ። አርባው ሰው ግልብጥ ብሎ ቲቡርሲዮን ከበበው። እሱም ጫማው የማሸነፊያ ነው፣ ያሸነፈ የለም፣ ስለዚህ የቀኝ የሚባል ነገር የለም እያለ ይሟገታል። ኒካኖር ከሁሉም ድምፁ በልጦ፣ “አንድ እግር ጫማ ምን ላድርገው፣ ባቄላ ላብስልበት?” ይል ነበር።

ኤልፒዲዮ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ቫልዴቪኖ መዝገቡን በጨርቅ ሊጠቀልል ነበር።

“ጌታዬ፣ ከዶሚንጎስ ቀጥሎ ያለሁት እኔ ነኝ?”

ጸሐፊው ገጹን አየና፣ አዎ አለ።

“ይጥሩኝ እንግዲያ።”

“ፈርሷል እኮ፣ ሰውዬ። አልሰማህም?”

“ድምፄን አይቁጠሩት። ሣጥኑንም አይክፈቱት። ስሜን ብቻ ይጥሩት።”

ቫልዴቪኖ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደክሞት ነበር። ስም ከተጠራ ቃለ ጉባኤ ላይ መስፈር እንዳለበት፣ የፈረሰ ምርጫ ደግሞ ቃለ ጉባኤ እንደሌለው ቀስ ብሎ አስረዳው። በስድስት ወር ውስጥ መጥቶ እንደገና ይጻፍ። ኤልፒዲዮ ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋለት። እጁ እንጨቱ ላይ እየተንቀጠቀጠ ድምፅ አወጣ። አምና በእጁ የጻፈው ማመልከቻ እዚያው መዝገብ ውስጥ እንዳለ፣ በዚያ ይያዝለት እንደሆነ ጠየቀ። ጸሐፊው እጁን አየ፣ ዓይኑንም መለሰ። ያ ማመልከቻ የፈረሰው መዝገብ አካል ነው አለ። ሕጉ መጻፍ የሚችልን ሰው ያውቃል፣ የማይችልን ያውቃል፤ ይችል የነበረን ሰው ግን አያውቅም።

ኤልፒዲዮ ዕድሜውን ሙሉ ጮኾ አያውቅም። ያኔ ግን፣ “ስሜን ጥሩልኝ ነው የምለው” ሲል ድምፁ ጣራው ላይ አስተጋባ። ሁሉም ዞረ። ቲቡርሲዮ በጭቅጭቁ ላብ በላብ ሆኖ፣ የሚጮኹትን አንድ በአንድ በጫማ አፋቸውን ላዘጋ ብሎ ወስኖ ነበርና፣ ይህም ሽማግሌ ከአርባዎቹ አንዱ መሰለው። ከከረጢቱ አንድ የቀኝ ጫማ መዝዞ መጥቶ እጁ ላይ አኖረለት። “ያዝ፣ አባቴ። ይዘህ ውጣና አሳርፈን።”

ሰው ሁሉ ጫማውን አየ። ጥቁር ነው፣ የአዲስ ቆዳ ሽታው ይጣራል። የግራው እንኳ የሌለው ሰው የቀኙን ማግኘቱ ከምርጫው መፍረስ ይልቅ አንገበገባቸው፤ አንዱማ መጻፍ የሚችሉ ሰዎች ሁሌም እንዲህ ናቸው አለ።

ኒካኖር እየገፋ መጣ። “አበልጄ፣ ላንተ ምን ያደርግልሃል? ለኔ ስጠኝ።”

ኤልፒዲዮ ጫማውን እንደያዘ አየው። “ስሜን ጥራልኝና እሰጥሃለሁ” አለው። “እዚያ ጋ ቁም፤ ጸሐፊው እንደሚጠራው አድርገህ።”

ኒካኖር ሳቀ፤ የአበልጁን ፊት ሲያይ ሳቁን ዋጠ። ሄዶ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆመ፣ አንገቱን አቀና፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

“ኤልፒዲዮ” አለ። ቆመ። “ኤልፒዲዮ… ዳ…”

ሠላሳ ዓመት አብረው በልተዋል። የኒካኖር ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ወደ ጸሐፊው ዞረ፣ መዝገቡ ግን ተጠቅልሏል። “ዳ ማን ነበር፣ አበልጄ?” አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። “ንገረኝና እላለሁ።”

ኤልፒዲዮ አልነገረውም። ጫማውን አቀበለውና በመካከለኛው መተላለፊያ አድርጎ ወደ በሩ ሄደ። ኒካኖር ትንሽ አፍሮ ቆመ። ከዚያ ሌላው ሳይቀድመው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ቀኝ እግሩን አስገባ። ጫማው በሁለት ጣት ያንሰው ነበር፤ እሱ ግን ተረከዙን እያሸ ይገፋ ነበር።