የመስኮቱ ራጅ

ኑርዬ ውሸት ሲጀምር የአርዲቦ ሐይቅ ዓሣ እንኳ አንገቷን ብቅ አድርጋ ታዳምጣለች ይባላል። ከሁለት ዓመት በፊት «ከነነፍሷ የዋጥኳት ዓሣ ደረቴ ውስጥ ትዋኛለች» ብሎ ምሎ ተገዝቶ ሚስቱን ዘይቱናን አስለቀሳት። ደሴ ወስዳ ራጅ አስነሣችው። ዓሣ የለም! በንዴት ራጁን ይዛ መጥታ በተሰበረው የመስኮት መስተዋት ፋንታ ለጠፈችው። ከዚያ ወዲህ የጧት ፀሐይ በባሏ ጎድን አጥንቶች መሐል እየሾለከች ነው ቤት የምትገባው።

ዘንድሮ ማሽላው ሲያሽት ኑርዬ ማማ ላይ ሆኖ ወፍ ሲጠብቅ፣ ወንጭፉ ከእጁ አመለጠ። ዘይቱና ስትደርስ ላብ አጥምቆታል።

«ደረቴ ተቀደደ» አላት። «ወደ ጀርባዬ ዘለቀ።»

ሌላ አልጨመረም። ነብር የለ፣ ጅን የለ፣ መሐላ የለ። ዘይቱና የደነገጠችው ይኼኔ ነው።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ባዬ ሰዉን ለስብሰባ አስቀምጦ ነበር። ቃሬዛ የሚሸከም ስትለምነው ሣቀ።

«ምነው፣ ዓሣዋ ወለደች እንዴ?»

«ባዬ፣ በሞትኩት! አንድ ቃል እንኳ አልዋሸም እኮ!»

የባዬ ፊት ተለወጠ። «ኑርዬ? አልዋሸም?» አለና ስብሰባውን በትኖ ራሱ የቃሬዛውን ጫፍ ያዘ።

ዘይቱና ራጁን ከመስኮቱ ገንጥላ ያዘችው። አንዴ የተነሣ ሰው ሁለተኛ ለምን ይነሣል ብላ ነው።

ደሴ ሆስፒታል ግን ዶክተር ጸዳለ አዲስ ራጅ አስነሥታ ግራ ገብቷት አገኘቻት። ከልብ በላይ ያለው ጥላ ሰፊ ነው፤ ግን ሕመም ይሁን ተፈጥሮው በምን ይታወቃል?

«ምን አለፋሽ ልጄ፣ ይኸው የቀድሞው» አለች ዘይቱና፣ አቧራውን በነጠላዋ ጠርጋ።

ዶክተሯ ሁለቱን ራጆች ጎን ለጎን በብርሃኑ ላይ ሰቀለች። የድሮው ጥላ ቀጭን ነው፤ የአሁኑ አብጧል። ተመልሳ የኑርዬን ሁለት እጆች ያዘች፤ የግራው ትርታ ደክሟል።

«ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ነው፣ እናቴ። ራጅ ቅዳዱን አያሳይም፤ ግን ይህ ጥላ፣ ይህ ትርታ፣ ከደረት ወደ ጀርባ የዘለቀውም ሕመም ሲገጥሙ፣ ሥሩ ከውስጥ ተተርትሮ ደም በግድግዳው መሐል እየገባ መሆኑን ይነግሩናል።»

«ተቀደደ ነው ያለኝ።»

«እውነታቸውን ነው።»

ዘይቱና ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ኑርዬ ከአልጋው ሆኖ፣ «አየሽ?» አለ በቀጭን ድምፅ፤ «አንድ ቀን እውነት ብናገር፣ ይኸው ጣለኝ።»

የደሙን ግፊት በመድኃኒት አውርደው ብዙ ቀን አስተኙት። ሲሸኙትም ሸክምና ጩኸት ከለከሉት።

በከርሞው ማሽላ ማማው ላይ የወጣችው ዘይቱና ናት። ኑርዬ ከሥር ተቀምጧል።

«ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ፣ ያቺ ዓሣ ልትጠይቀኝ መጥታ…»

«ጮክ በል፣ አይሰማኝም!»

«ዶክተሯ ከልክላኛለች።»

ዘይቱና ወንጭፉን ጥላ ወረደች። አጠገቡ ተቀምጣ ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠጋች። ወፎቹ ማሽላው ላይ ሰፈሩ።

«እሺ፣ ምን አለችህ?»