ካልደወለች ደህና ነኝ

የውብዳር የቲማቲሙን ዘንቢል መሬት ላይ አስቀምጣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበችና፣ በጂቡቲ ማዕከላዊ ገበያ መሃል፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ቅልጥሟን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጣቷ ያረፈበት ጎድጉዶ ቀረ።

"አየሽው? ቶሎ አይሞላም" አለች እየሳቀች። "ጠዋት ጠዋት ፊቴም እንዲሁ ነው። ማዳም ወፈርሽ ትለኛለች።"

ፍቅርአዲስ መሳቅ አቃታት። የባዮሎጂ ማስተርሷን ልትጨርስ ትንሽ የቀራት ልጅ ናት፤ ጥናቷም የጂቡቲ ሙቀት በቤት ሠራተኞች ኩላሊት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ይመለከታል። እንዲህ ያለውን እብጠት በመጽሐፍ ታውቀዋለች፤ በምታውቀው ሰው እግር ላይ ሲያዩት ግን ሌላ ነው።

"እትዬ የውብዳር፣ ከጀመረሽ ቆየ?"

"ከረመ እኮ! መጀመሪያ ደንግጬ ነበር። ኋላ አንቺን አስታወስኩና ተውኩት።"

"እኔን?"

"ደሜን ወስደሽ የለ እንዴ? ክፉ ነገር ቢኖርብኝ ትደውይልኝ ነበር። ካልደወለች ደህና ነኝ አልኩ። ሴቶቹ ሁሉ እንደዚያ ነው የምንለው። ዕድሜ ይስጥሽ ዶክተራችን!"

ፍቅርአዲስ ጎንበስ ብላ እግሯን ዳግም አየችው።

ደሙን የሰበሰበችው ከፋሲካ በፊት፣ ሠራተኞቹ በሚያርፉበት ዓርብ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነበር። ጥናት እንጂ ምርመራ እንዳልሆነ፣ ውጤትም እንደማይነገራቸው በግልጽ ነግራቸዋለች፤ ሁሉም ፈርመዋል። ግን ጓንት ያጠለቀች፣ መርፌ የያዘች ልጅ እያዩ ማን ቃሉን ይሰማል? ለዓመታት አንድ ሐኪም ዞር ብሎ ያላያቸው ሴቶች ናቸው። እሷ ደግሞ የኃይሌ የልጅ ልጅ ናት። አያቷ በባቡሩ ዘመን ከኢትዮጵያ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ በኢትዮጵያውያን ማኅበር የተከበሩ ሰው ነበሩ። የሳቸው የልጅ ልጅ ደም ወስዳ ዝም ትላለች ብሎ ማን ያስባል?

ደሙ ግን እስካሁን አልተነካም። ስም የሌለው፣ ቁጥር ብቻ የተለጠፈበት፣ በዩኒቨርሲቲው ማቀዝቀዣ ውስጥ ሆኖ እሁድ ለምርመራ ወደ ቱኒስ እስኪጫን ይጠብቃል። ደሙ ሲሄድ እሷም ትከተላለች፤ ዶክትሬቷን የምትሠራበት አንድ ቦታ እዚያ ተይዞላታል። እንዲህ ያለ ዕድል ወደዚህች ከተማ ደጋግሞ አይመጣም።

"እትዬ የውብዳር፣ እኔ እኮ አልመረመርኩሽም። ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ።"

"ዛሬ ማዳም እንግዳ አለባት።"

"ዓርብስ?"

"ዓርብ ክሊኒኩ ዝግ ነው። ሆስፒታል ደግሞ ወረቀት ይጠይቃሉ፤ ፓስፖርቴ ያለው ማዳም ጋ ነው።" የውብዳር ቀሚሷን ለቀቀችና ቀና አለች። ቁጣ አልነበረባትም፤ መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር የጠየቀችው። "ታዲያ ደሜን ለምን ወሰድሽው?"

"ለጥናት። ወደፊት ለሚመጡት ሴቶች እንዲጠቅም።"

"ለሚመጡት…" ዘንቢሉን አነሳች። "ይሁን። እነሱም ያሳዝናሉ።"

ፍቅርአዲስ ከስጋ ተራው ጥግ ቆማ ጥናቷን ለሚመራው ለፕሮፌሰር አኒስ ደወለች። በፈረንሳይኛ አንድ በአንድ ነገረችው። እሱም እስክትጨርስ ሰማት።

"ያሳዝናል" አለ። "ግን ቁጥሩን ከፍተን የማን እንደሆነ ማየት አልተፈቀደልንም። ብንከፍተውም እዚህ መመርመሪያ ኬሚካሉ የለንም።"

"እሺ፣ እንዳልተመረመሩ ልንገራቸው። ሁሉም ደህና ነን ብለው ነው የተቀመጡት።"

"መብታቸው ነው፤ እኔ አልከለክልሽም። ግን ከነገርሻቸው ደማችንን መልሱ የሚሉ ይኖራሉ። ጥናቱ ከጎደለ ቱኒሶች ቦታውን ለሌላ ይሰጡታል። እሁድ ይጫንና ከዚያ በኋላ ብትነግሪያቸውስ?"

ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ በተናደደችበትና በተገላገለች ነበር። አኒስ ግን ይህን ዕድል ያገኘላት፣ ስለ እሷ ብዙ ደጅ የጠና ሰው ነው። ስልኩን ዘግታ እዚያው ቆመች። ለየውብዳር ማዳም ብትደውል ሴትዮዋን ከሥራ ታስወጣታለች። ዝም ብትል ያ እግር እስከ እሁድ፣ ከእሁድም በኋላ፣ ያብጣል። የትኛውንም በር ብትገፋ አልከፈት አላት።

ቤት ስትገባ እናቷ ወርቅነሽ አዲስ ሻንጣ አልጋው ላይ ዘርግታ ዚፑን እየሞከረች ነበር። የጉዞውን ወሬ ለማኅበሩ በሙሉ አዳርሳለች።

"ቱኒስ ይበርዳል አሉ፣ እውነት ነው? እኔ ሹራብ ከየት አባቴ ላምጣ በዚህ አገር!"

"እማዬ፣ ትንሽ ብቻዬን ልሁን።"

እናቷ ግራ ተጋብታ ወጣች። ፍቅርአዲስ ከሻንጣው አጠገብ ተቀመጠችና ስልኳን ከፈተች። ደም ከሰጡት ሴቶች ስም ሁሉ መጀመሪያ ያገኘችው ሀዊን ነው፤ አምቡሊ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ የምትሠራ፣ ደም ስትሰጥ ዓይኗን ጨፍና የዘፈነች ልጅ። ጣቷ ቁጥሩ ላይ ቆየ። ከዚያ ነካችው። ባታነሳው ብላ ተመኘች፤ በተመኘችውም አፈረች።

"ሄሎ?" ከበስተጀርባ የቧንቧ ውሃ ይንሿሿል። "ፍቅርዬ? አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ ሀዊ።"

ውሃው ተዘጋ። የሀዊ ድምፅ ሲመለስ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

"ወይኔ ጉዴ… ደወልሽ? ምን ተገኘብኝ?"

ፍቅርአዲስ ሻንጣውን በክንዷ ገፋ አደረገችው።

"ደምሽን ገና ማንም አላየውም" አለች። "የደወልኩት ለዚህ ነው። ስሚኝ፣ እንዳትዘጊው።"