በክንድ የተለካው የዶሮ ቤት

ካራ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የአራተኛ ክፍል ልጆች የሠሩት የዶሮ ቤት ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል። አንዱ ግድግዳ ረዥም፣ አንዱ አጭር፤ ጣሪያው እንደ ሰካራም ባርኔጣ ተንጋዷል። ያየው ሁሉ ይስቃል። አባይነሽ ግን አልሳቀችም። በክንድ ለኩ ያለቻቸው እሷ ናት።

መምህር እንድርያስ ሒሳቡንም ሳይንሱንም አማርኛውንም በአንድ ሥራ እናስተምራለን ብሎ ልጆቹን አጣና ሲያሸክም፣ አባይነሽ መጀመሪያ ልትጣላው ነበር የሄደችው።

"የልጅ ልጄን ፊደል አስተምርልኝ ብዬ ነው የሰጠሁህ። ዶሮማ እቤቴም አለ" አለችው።

"እንግዲያው መጥተው ያግዙን፣ እማማ" አላት ሳይቆጣ።

እምቢ ልትል ስትል የልጅ ልጇ ሀዊ ቀሚሷን ይዛ ጎተተቻት። ቀረች። አጣናው በሚቆረጥበት ቀን ሜትሩን ሌላ ክፍል ወስዶት ጠፋ። አባይነሽ ደግሞ ሥራ ቆሞ ማየት አትወድም። "ክንድ የላችሁም እንዴ?" አለቻቸው። እያንዳንዱ ቡድን በራሱ ልጅ ክንድ ለካ። የናዲያ ክንድ አጭር፣ የሊሊሳ ረዥም። ቤቱም እንዲህ ሆኖ ወጣ።

መምህሩ አላስፈረሰውም። "ለምን ጠመመ?" ብሎ ጠየቃቸው። የሁሉንም ክንድ ለክተው በግራፍ ሣሉት፤ የጠመመበትን ምክንያት ጽፈው ከግራፉ ጋር የዶሮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፉት፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ በየት እንደሚገባ በላባ ፈትሸው ቀዳዳውን በጭቃ ደፈኑት። ዶሮዎቹ ገቡበት። ዶሮ የግድግዳ መጥመም ምኗም አይደል።

ከዚያ እንግዶች ይጎበኙናል ተባለ። ርዕሰ መምህሩ ዓምደ ሚካኤል ቤቱን አፍርሶ ቀጥ ያለ የሚሠራ አናጢ ጠራ። ሀዊ እያለቀሰች እቤት ገባች፤ አያቷን በኦሮምኛ አኮ ነው የምትላት።

"አኮ፣ አናጢው የሚሠራውን እኛ ሠራነው በሉ ተባልን።"

አያቷ በማግስቱ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ መጣችና የዶሮ ቤቱን በር ተደግፋ መሬት ላይ ዘፍ አለች። አናጢው መዶሻውን እንደያዘ ቆመ።

"እማማ፣ ይነሡ እንጂ፤ ይሄ የሚፈርስ ነው" አለ ዓምደ ሚካኤል።

"ተመችቶኛል።"

"ጠማማ ነው እኮ።"

"ዓይን አለኝ፣ አይቼዋለሁ።"

"ትምህርት ቤቱን ያሰድባል። ለመሆኑ እንዲህ ለኩ ያላቸው ማነው?" ብሎ እንድርያስ ላይ አፈጠጠ።

መምህሩ አፉን ሊከፍት ሲል አባይነሽ ቀደመችው። "እኔ ነኝ። ምን ልታደርገኝ ነው? ከደሞዜ ልትቆርጥ?"

አናጢው ፊቱን አዙሮ ሳቀ።

"እማማ፣ እርስዎ ትምህርት ስላልገቡ…"

"አዎ፣ አልገባሁም። ብገባ ኖሮ እንዳንተ ልጅ ሰብስቤ ውሸት አስጠና ነበር?"

በሩ ላይ መኪና ቆመ። "እባክዎ ይነሡ፣ መጡ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ጉልበቴን አሞኛል" አለች። ጉልበቷ ምንም አልሆነም።

ከእንግዶቹ መሀል አንዲት መነጽር ያደረገች ሴትዮ ቤቱን አይታ "ማን ነው የሠራው?" አለች። ዓምደ ሚካኤል ጉሮሮውን ሲጠርግ ሀዊ ለአቀባበል ከተሰለፉት ልጆች መሀል ወጣች።

"እኛ ነን። ጠማማ ነው። ክንዳችን እኩል ስላልሆነ ነው የጠመመው። አኮ ናት በክንድ ለኩ ያለችን፤ እሷም አላወቀችም ነበር።"

ይህች ልጅ ምላሷ በማን ወጣ? አባይነሽን ቆጠቆጣት፤ ቢሆንም ንቅንቅ አላለችም። ሀዊ ሴትዮዋን እጇን ይዛ ወደ ግራፉ ወሰደቻት፤ ናዲያና ሊሊሳም ክንዳቸውን እያስተያዩ ተከተሉ።

"ታዲያ አሁን ምን ልታደርጉ ነው?" አለች ሴትዮዋ።

"ሁለተኛውን በሜትር እንሠራለን። ይሄን ግን አናፈርሰውም።"

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ወረቀታቸውን ማንበብ ያዘች። ዓምደ ሚካኤል አናጢውን በዓይኑ ሂድ አለው። አናጢው መዶሻውን ቦርሳው ከቶ ወጣ።

እንግዶቹ ወደ መማሪያ ክፍሎቹ ሲያልፉ ርዕሰ መምህሩ ወደኋላ ቀረት አለ።

"አሁንስ ይነሣሉ?"

"ያ አናጢህ ሲግናል ሰፈር ደርሻለሁ፣ አልመለስም ብሎ ሲደውልልህ" አለችው፤ እግሯንም ዘርግታ ተመቻቸች።