የታናሹ ተራ

መስከረም 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ጋሼ ወንድማገኘሁ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነበር፤ ለእትዬ መሰረት የነገሯቸው ግን ስድሳ ሁለት ብለው ነው። ባላቸው የሞቱባቸውን እትዬ መሰረትን ለማግባት ቆርጠው ስለነበር ጸጉራቸውንም ጥቁር ቀለም ይቀቡ ነበር።

በዚያ ቀን ባሕር ማዶ፣ ሆፐርስ ክሮሲንግ በሚባል ሰፈር፣ ጓደኛቸው ኡርጌሳ ቤት ከእትዬ መሰረት ጋር ተቀምጠው፣ ሦስቱም ለሽርሽር ወደ ኦትዌይ ደን የሚሄዱበትን ካምፐርቫን የሚባል ማደሪያ ያለው መኪና ይመርጡ ነበር። ኡርጌሳ ፎቶውን በስልኩ እያሳየ፣ "አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ መጸዳጃም አለው። ቆሻሻውን ግን በየጠዋቱ የምንደፋው ራሳችን ነን" አለ።

እትዬ መሰረት ፈገግታቸውን በነጠላቸው ከለል አድርገው፣ "ይህማ ምን ያከራክራል? ከሁለታችሁ በዕድሜ የሚያንሰው ይድፋ" አሉ።

ኡርጌሳ ስድሳ ስድስት ነበርና በሳቅ ፈነዳ። "በል እንግዲህ ጎረምሳው፣ ጓንትህን ግዛ!"

ጋሼ ወንድማገኘሁ አሰቡ። መድፋቱስ አፍንጫን ይዞ ይቻላል፤ በአንድ ጊዜ ዘጠኝ ዓመት ማርጀት ግን እትዬ መሰረትን የሚያሳጣቸው መሰላቸው።

"እደፋለሁ" አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

"ተባረክ ልጄ" አሉ እትዬ መሰረት፣ እስከዚያች ሰዓት አንቱ ሲሏቸው የኖሩት። "እስቲ ያን ውኃ አቀብለኝ።"

ይህን ግን አልቻሉትም። "ሰባ አንድ ነኝ!" ብለው ጮኹ።

ኡርጌሳ ሳቁን ዋጠ። እትዬ መሰረት ተነሥተው ውኃውን ራሳቸው ቀዱና በሁለት እጃቸው አቀረቡላቸው።

"ይጠጡ ጋሼ። እኔም ጎረምሳ ማግባቱ አሳፍሮኝ ነበር።"

ጓንቱን ኡርጌሳ ገዛ። ይህ ከትዝታ የተጻፈ ነውና፣ የተሳሳተ ቀን ወይም ዕድሜ ያገኘ አንባቢ እንዲያርመው ጸሐፊው በትሕትና ይለምናል።