የአሥራ ሰባት ቁጥር ደም

እኔ ዶሮ አላረባም፣ እንቁላልም አልሸጥም፤ የዶሮ ደም ነው የምቆጥረው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ነጭ የደም ሴል ስቆጥር ስለኖርኩ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ስሜን ረስቶ «ቆጣሪ» ይለኛል፣ የውኃ ቆጣሪ ይመስል። አልከፋኝም። የዶሮ ቀይ የደም ሴል እንደ ሰው አይደለም፤ መሀሉ ላይ አስኳል ስላለው ያለን ማሽን ከነጩ ጋር እያምታታ ይቀባጥራል። ስለዚህ ማሽኑ አቧራ ይጠጣል፣ እኔ እቆጥራለሁ።

ዘንድሮ የመጣችው ወጣት ዶክተር ጥያቄዋ ግልጽ ነበር። በባክቴሪያ የታመመች ዶሮ አንቲባዮቲክ ስትወስድ፣ በሽታ የሚከላከሉላት ነጭ ሴሎች ምን ይሆናሉ? ሠላሳ ዶሮዎች፣ እያንዳንዷ በየራሷ ኬጅ ቁጥር ተለጥፎላት፣ በሦስት ተከፈሉ። አሥሩ ጤነኛ፣ አሥሩ ታመው መድኃኒት የሚጠጡ፣ አሥሩ ታመው ባዶ ውኃ የሚጠጡ። ወደ እኔ የሚመጣው ግን ቁጥር ያለበት ስላይድ ብቻ ነው። የትኛው ደም ከየትኛው ክፍል እንደሆነ ቆጣሪ ማወቅ የለበትም፤ ካወቀ ዓይኑ የፈለገውን ያያል።

ሰኞ ቆጥሬ ጨረስኩ። ዶክተሯ ዝርዝሯን አውጥታ ስታመሳክር ፊቷ ጠቆረ።

«እትዬ፣ ባዶ ውኃ የጠጡት ሁሉ ደማቸው በተዋጊ ሴል ተጥለቅልቋል። መድኃኒት የወሰዱት ላይ ቀንሷል፣ ሌሎቹ ነጭ ሴሎችም ሳስተዋል። አሥራ ሰባት ቁጥር ግን ባዶ ውኃ ጠጪ ሆና ሳለ፣ እርስዎ የጻፉላት እንደ መድኃኒት ጠጪዎቹ ነው።»

«ያየሁትን ነው የጻፍኩት።»

«ዓይንዎ ደክሞ እንዳይሆን?» አለች በትሕትና። ትሕትናዋ ነው ያቃጠለኝ። የክፍሉ ኃላፊ ደግሞ ከተፈጥሮው ችኩል ነው፤ ሐሙስ ለሚወሰደው ሁለተኛ ደም ሌላ ቆጣሪ እንደሚመጣና እኔ ወደ መዝገብ ቤት እንደምዛወር እዚያው ቆሞ ወሰነ።

ቤት ስገባ ለባለቤቴ ነገርኩት። እሱም እዚያው መሥሪያ ቤት ዶሮዎቹን ይንከባከባል፤ ውኃና መኖ የሚያቀርብላቸው እሱ ነው። ሹካውን ሳህኑ ላይ ሲያሽከረክር ቆየ። ያዘነልኝ መሰለኝ። ማክሰኞ ከሥራ ስንወጣ መነጽር ቤት ወሰደኝ፣ ፊደል ሲያስነብቡኝ እጄን ይዞ ቆመ፤ እኔም በሆዴ «ባል ማለት ይኼ ነው» አልኩ። ባለሙያው ዓይኔ ምንም እንደሌለው ነገረኝ። አላመንኩትም።

ረቡዕ አመሻሽ ዓይኔን ልፈትን ብዬ ቤት ጠረጴዛው ላይ ምስር ዘርግቼ ስቆጥር ባለቤቴ አገኘኝ። አንዴ መቶ ሃያ፣ አንዴ መቶ አሥራ ስምንት፤ እንባዬ አላስቆጥር ብሎኝ ነበር።

«ተይ» አለ ምስሩን በመዳፉ ሸፍኖ። «ዓይንሽ ምንም አልሆነም።»

«አንተ ምን ታውቃለህ?»

«መድኃኒቱን ሰጥቻታለሁ። አሥራ ሰባትን።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኼ ነው።

«ክንፏን ጥላ ጥግ ይዛ ስትቆም አንጀቴን በላችው። ከመድኃኒት ጠጪዎቹ ውኃ በኩባያ እየቀዳሁ አምስት ቀን አጠጣኋት። አንዲት ዶሮ ብትድን ማን ያውቃል ብዬ።»

«አንተ ሰውዬ! እኔ ነኛ የማውቀው! ሥራዬ እኮ እሱን ማወቅ ነው!»

መጀመሪያ ሳቅኩ። እውነቴን ነው፣ ከዚያ ሁሉ ሴል መሀል የባሌን ኩባያ ለይቼ ማግኘቴ ኩራት ቢጤ አሳደረብኝ። ወዲያው ግን ደሜ ፈላ። ሦስት ቀን ሙሉ፣ መነጽር ቤት ድረስ እጄን ይዞ!

«ለምን ዝም አልክ?»

«ከሥራ እንዳያባርሩኝ ፈርቼ።»

«እሷን ስታጠጣ አልፈራህም?»

«እሷማ አፍ የላት። ማን ይናገርላታል?»

«እኔ አፍ ነበረኝ» አልኩት። «ያየሁትን ነው የጻፍኩት ብዬ ተናግሬ ነበር። ማንም አላመነኝም። በመጨረሻ እኔም ራሴን ማመን አቃተኝ፤ አንተ እያወቅክ!»

ምስሩን አንድ በአንድ እየለቀመ ወደ ጣሳው መለሰ።

ሐሙስ ጠዋት ቀድሞኝ ወጣ። እኔ ስደርስ ቱታውን እንደለበሰ፣ ጫማው ላይ ገለባ እንደተጣበቀ፣ ዶክተሯና ኃላፊው ፊት ቆሟል። ሁሉንም ነግሯቸዋል። አሥራ ሰባት ከጥናቱ ወጣች፣ ለእሱ ማስጠንቀቂያ ተጻፈለት፣ ከሚወዳቸው ዶሮዎች ተነጥሎም ወደ መጋዘን ተዛወረ። ኃላፊው ዝውውሬን ሰርዞ ይቅርታ ሳይለኝ ወጣ፤ ዶክተሯ ግን ሁለት እጄን ይዛ ይቅርታ ጠየቀችኝና ሁለተኛውን ዙር ስላይድ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረችው።

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ቀና ብዬ እንዳየው ይጠብቃል። ደስ ብሎኛል፣ ግን ደግሞ ተጎድቻለሁ፤ ሁለቱም በአንዴ ይዘውኝ ቀና ማለት አቃተኝ። ዓይኔን ሌንሱ ላይ ተክዬ መቁጠር ጀመርኩ። አርባ ላይ ስደርስ ሁሉም ነገር ደበዘዘብኝ። ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግኩና እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።