የወደቀ አይያዝም

ምራቴ ካፌ ውስጥ በአስተናጋጅነት ስትሠራ አንድም ብርጭቆ ሰብራ አታውቅም። ይህን የምለው ላሞግሳት ብዬ አይደለም፤ ጣጣችን ሁሉ የመጣው ከዚሁ ነው። ከጠረጴዛ ጠርዝ የሚንሸራተት ነገር ካለ ዓይኗ ሳያየው እጇ ይቀድማል። የካፌው ሰዎች ጭልፊት ይሏት ነበር። ስሙ ተከትሏት ኮሌጅ ገባ።

ኮሌጁ የሙያ ኮሌጅ ነው፤ እኔም እዚያ አስተምራለሁ። ከከተማው ዳር ከሕያው ሕዋስ መድኃኒት የሚያመርት የባዮቴክኖሎጂ ፋብሪካ ሲከፈት ሠራተኛ አሠልጥኑልኝ ብሎ ወደኛ መጣ። ተማሪዎቼ ለጋ ወጣቶች አይደሉም። ሹፌር የነበረ አለ፤ ፀጉር ሠሪ አለች፤ ከሥራ የተቀነሰ የሒሳብ ሠራተኛም አለ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ የጨረስኩ፣ ጡረታ የደረሰብኝ ቁጡ ሴት ነኝ። ምራቴ ክፍል ውስጥ ተሳስታ «እማማ» ስትለኝ ተማሪዎቹ ይስቃሉ፤ እኔ ዞር ብዬ ሳያቸው ዝም ይላሉ።

ንፁህ ክፍል የምንለው ቦታ ሰው ባይገባበት ይመርጣል። ቆሻሻው እኛው ነን፤ ትንፋሻችን፣ ቆዳችን፣ ችኮላችን። ስለዚህ ከራስ እስከ እግር ቱታ እንለብሳለን፣ ጓንት በጓንት ላይ እንደርባለን፣ ቀስ ብለን እንራመዳለን። እጅ ከወገብ በታች አይወርድም። የወደቀ ነገር አይያዝም፣ አይነሳም። ሊቀልብ የተወረወረ እጅ አየሩን ያምሳል፣ ያልጸዳ ነገር ይነካል፣ ከዚያ ተመልሶ ክፍት ብልቃጥ ላይ ያርፋል። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ደግሞ የታመመ ሰው ደም ሥር ውስጥ ነው የሚገባው።

ፈተናውም ይህንኑ ነው የሚፈትነው። ተማሪው በመድኃኒት ፋንታ ተህዋስ የሚወደውን መረቅ ብልቃጥ ውስጥ ይሞላል። ብልቃጦቹ ሙቀት ባለው ሳጥን ውስጥ ይቀመጣሉ። መረቁ እንደጠራ ከቆየ እጁ ንፁህ ነው፤ ከደፈረሰ ግን አለቀ። ጭልፊት የመጀመሪያውን ፈተና የወደቀችው ክዳን አምልጧት ወለል ሳይነካ ስለቀለበችው ነው። ቀልባውም ፈገግ አለች፤ ጭንብሉ ቢሸፍናትም ከዓይኗ አየሁት። ሁለተኛ ዕድል ይሰጣታል፤ ሦስተኛ የለም።

ካለፈች ፋብሪካው ይቀጥራታል። ካላለፈች ልጇን ይዛ አባቷ ዘንድ፣ ሩቅ ቦታ ትሄዳለች። ቁርጡን ነግራኛለች፤ ሰው ጫንቃ ላይ ተቀምጣ እንደማታረጅ። ልጄ ጥሏት ከሄደ ወዲህ እሷ፣ እኔና የልጅ ልጄ ነን አብረን የምንኖረው። እውነቱን ለመናገር የተጨነቅኩት ለምራቴ አልነበረም። ያቺ ትንሽ ልጅ በሌለችበት ቤት ውስጥ ብቻዬን እንዳልቀር ነበር።

ስለዚህ ቤት ውስጥ ልምምድ ጀመርን። እሷ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ውሃ ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ ትገለብጣለች፤ እኔ ከጎኗ የፕላስቲክ ኩባያ ገፋ አድርጌ እጥላለሁ። ቡፌ ውስጥ ለሠርጌ የተሰጡኝ ብርጭቆዎች አሉ፤ እነሱን እንኳን ለልምምድ ለእንግዳም አላወጣቸውም። መጀመሪያ ላይ ኩባያዎቹን ሁሉ ቀለበቻቸው። እኔም «ተይው» እያልኩ እጇን በማማሰያ ቸብ አደርጋት ነበር። ልጅቷ ጨዋታ መስሏት ትንከተከታለች። እያደር እጇ መዘግየት ጀመረ፤ ከዚያ መንቀጥቀጥ ብቻ ሆነ፤ በመጨረሻ ኩባያው ሲወድቅ ሁለቱንም እጆቿን ደረቷ ፊት ለፊት አንስታ ድርቅ ብላ ቆመች። ደስ ብሎኝ ግንባሯን ሳምኳት።

ዘመድ ዘመዱን አይፈትንም ስለተባለ የሁለተኛው ፈተና ዕለት ፈታኝ ከፋብሪካው መጣ። እኔ ከክፍሉ የመስታወት ግድግዳ ውጭ ቆሜ እንዳይ ብቻ ተፈቀደልኝ። መስታወቱ ድምፅ አያሳልፍም። ጓደኛዋ ሆኖ ብልቃጥ የሚያቀብላት ሹፌሩ ነበር፤ ግንድ የሚያህል ሰውዬ። ኋላ እንደሰማሁት ቱታውን ከለበሰ በኋላ ሽንት ቤት ፍለጋ እንዳይወጣ ፈርቶ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ አልቀመሰም፤ እህልም አልነካም።

ጭልፊት ጀመረች። ክንዷ ዘና ብሏል፤ ከክፍት ብልቃጥ በላይ አንዴም አልተሻገረም። ፈታኙ ጥግ ላይ እጁን አጣምሮ ያያታል። መሐል ላይ ወረንጦው ከትሪው ጠርዝ ተንሸራተተ። እጇ ወደ ደረቷ ተነሳ፤ እዚያው ቀረ። ወረንጦው ወለል ላይ ነጠረ። ዞራ እንኳ አላየችውም፤ ሌላ ንፁህ ወረንጦ አንስታ ቀጠለች። መስታወቱን በደስታ ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ሹፌሩ ጭንቅላቱን ነቅነቅ ሲያደርግ አየሁ። አንዴ ዓይኑን ጨፈነ። ጉልበቱ ከዳው። ከእሷ ወዲህ በአንድ ክንድ ርቀት፣ በጎኑ፣ ቀስ ብሎ ነበር የወደቀው። ትከሻውን ብትደግፈው ይበቃ ነበር። ምራቴ ሁለቱንም እጆቿን ደረቷ ፊት ለፊት አንስታ ድርቅ ብላ ቆመች።

መስታወቱን በጡጫ መታሁት። ያዢው፣ ያዢው እያልኩ ጮህኩ፤ እሷ ግን አትሰማኝም። የሹፌሩ ጉንጭ ከብረት ጋሪው ጠርዝ ጋር ተጋጨ፤ ነጩ ቱታ ላይ ደም ታየ። ፈታኙ እየሮጠ ደረሰለት። እሷ እጇን እንዳነሳች ቀና ብላ በመስታወቱ አየችኝ። ልክ ነኝ ወይ ብላ የምትጠይቅ ትመስል ነበር።

ሹፌሩ ጉንጩ ተሰፋ፤ ውሃና ስኳር ሲሰጡት ነፍሱ ተመለሰ። «ከዛሬ በኋላ የምነዳው ጋሪ ብቻ ነው» ብሎ ቀለደ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ፈታኙ ለብቻዬ ጠርቶ ያን የመሰለ የታዘዘ እጅ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ፤ ቀጥሎ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኛ ዘንድ ሰው ሲወድቅ ሥራ ይቆማል። ይህን አላስተማሯትም?»

አስተምሬያታለሁ አልኩት። ውሸት አይደለም፤ የመጀመሪያው ዕለት ለሁሉም ተናግሬዋለሁ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ከሌላው ደንብ ሁሉ ጋር። ኩባያውን ግን በየቀኑ ነበር የጣልኩት። ፈታኙ ከሹፌሩ መውደቅ በፊት የተሞሉት ብልቃጦች ለውጤት ይበቃሉ አለ። ሰው ሲወድቅ የሚደረገውን ደግሞ ፋብሪካው ራሱ እንደገና ያስተምራታል።

ብልቃጦቹ ከሳጥኑ ሲወጡ አንዱም አልደፈረሰም። ማለፏ ተነገረ፤ ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። ለልጅ ልጄ ከረሜላ ገዝቼ ገባሁ። ምራቴ ግን ከፈተናው ዕለት ጀምሮ ንግግሯ ሁሉ አዎና አይ ሆኖ ነበር። ውጤቱንም ስትሰማ እሺ ብቻ አለች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ወንበር ላይ ቆማ መስኮት ትመለከት ነበር። እናቷ አጠገቧ ልብስ ታጥፋለች፤ እኔ ከክፍሉ ወዲያ ማዶ ነኝ። ወንበሩ ከዳት፤ ልጅቷ ወደ እናቷ በኩል ተንሸራተተች። የእናቷ እጆች ተነሱ። ደረቷ ፊት ለፊት ደርሰው ቆሙ።

የልጅቷ ግንባር አበጠ እንጂ ሌላ ጉዳት አላገኛትም። አቅፌ ሳባብላት እናትየው የራሷን መዳፎች እያየች ነበር።

«እማማ፣ እኔ እዚያ አልሄድም» አለችኝ። «ነገ አባቴ ዘንድ እንሄዳለን። ይህን እጅ ይዤ ልጅ አላሳድግም።»

ተቆጥቼ ዝም የማሰኘው ነገር አልነበረም። ልጅቷን አልጋ ላይ አስተኝቼ በሩን ዘጋሁባት፤ ቡፌውን ከፈትኩና የሠርግ ብርጭቆዎቼን በሙሉ አውጥቼ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደረደርኳቸው። የመጀመሪያውን በጣቴ ገፋሁት። እጇ ተነሳ፣ ቆመ። ብርጭቆው ተሰባበረ።

«ያዢው» አልኳት።

«እማማ፣ ተዉ እንጂ። የሠርግዎ አይደለም?»

ሌላውን ገፋሁ። ስብርባሪው እግራችን ሥር ተረጨ። እሷ ታለቅሳለች፤ እኔም አለቅሳለሁ፤ ግን አላቆምኩም። ባለቤቴ በሕይወት ቢኖር አብዳለች ይለኝ ነበር። አንዱ ሲወድቅ ክንዷ ወደ ታች ሸርተት አለ፤ ዘገየ። የሚቀጥለውን ጣቷ ነካው፤ ግን አመለጣት። የመጨረሻውን ሳልነግራት፣ እሷ አፍንጫዋን ስትጠርግ፣ በክርኔ ገፋሁት። ዓይኗ ሳያየው እጇ ቀደመ። ከጉልበቷ በታች፣ ወለሉ ሊነካ ሲል ያዘችው።

እዚያው ስብርባሪው መሐል ቁጢጥ ብላ ቀረች። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ጨብጣዋለች።

«ዕቃ ሲሆንስ?» አለችኝ።

«ይውደቅ።»

«ሰው ሲሆን?»

«ያዢው። ብልቃጡ ይደፋ፣ ፈተናው ገደል ይግባ።»

መጥረጊያ አምጥተን አብረን ጠረግን። ስለ መሄድ ዳግመኛ አላነሳችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ሰኞ ጠዋት ልብሷን ለብሳ ወጥ ቤት ገባች። የሹፌሩን ነገር አስታውሼ ውሃ ሳትጠጪ ንቅንቅ የለም አልኳት። በዚያችው በተረፈችው ብርጭቆ ሞልታ ጠጣችና ከጠርዙ አርቃ ጠረጴዛው መሐል አስቀመጠቻት።